ካርቡራቶሩን ከመፍታታችሁ በፊት

(ጎንደር ላይ ለሞተር ሳይክል ባለቤቶችና ለጀማሪ መካኒኮች የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረ የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አረፈዳችሁ? ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከሳሙና በር፣ ከቆላ ድባም ድረስ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወንድሞቼ፣ ፊት ለፊት ክፍት ወንበር አለ፤ ቅረቡ። ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ጋ ይቀመጡ፤ ድምፄ ሩቅ አይሄድም። በተለይ በግብርናና በጤና ሥራ ገጠር ለገጠር የምትዞሩ እህቶቼ መምጣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል፤ እዚህ ካለነው ሁሉ ክፉ መንገድ የምትነዱት እናንተ ናችሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ሞተር ጉልበት ሲያጣ ምን ከምን ቀድሞ እንደሚታይ ነው። ሁለተኛው ሰንሰለት ነው። ሦስተኛው ቁልቁለት፣ ፍሬንና የክረምት ኮብልስቶን ነው። የመጀመሪያው ይረዝማል፤ ታገሱኝ። ሁለተኛውን ቶሎ እጨርሰዋለሁ።

እስቲ እጅ አውጡልኝ። በዚህ ዓመት ካርቡራቶር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ ያስፈታችሁ? ይኸው፣ ግማሹ ቤት አወጣ። እጃችሁን እንዳታወርዱ። ካርቡራቶሩ ከመፈታቱ በፊት የአየር ፊልትሮው ወጥቶ የታየላችሁ ብቻ እጃችሁን አቆዩ። አያችሁ? ሁሉም ወረደ ማለት ይቻላል። ነገሬ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ካርቡራቶር ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይፈታል። ጥፋቱ ያለው ከሱ በፊት ወይም ከሱ በኋላ ነው። እሱ ግን ለእጅ ስለሚቀርብና በሁለት ብሎን ስለሚወርድ ሁልጊዜ ተከሳሹ እሱ ነው።

በመጀመሪያ የከተማችንን ነገር እናንሣ። ጎንደር ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር የሚጎትተው ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ አቃጥሎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። እንግዲህ ባለ 100 ሲሲ ሞተር ሁለት ሰውና አንድ ማዳበሪያ እህል ጭኖ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሲወጣ ቢያቃስት ምን ይገርማል? ይህ በሽታ አይደለም። ማርሽ መቀነስ ነው መድኃኒቱ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጋችሁ ዘና ብሎ ይውጣ። አራተኛ ላይ አስጨንቃችሁ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ብትጠመዝዙት ትርፉ ማጋል ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ካርቡራቶር ያለው ሞተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም። ቤንዚኑን ቆላ ላይ እንደሚሰጠው አድርጎ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ እዚህ ደጋ ላይ ድብልቁ ገና ከመነሻው ቤንዚን ይበዛበታል። በዚህ ላይ ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን አየሩ ይበልጥ ያጥራል፣ ቤንዚኑ ይበልጥ ያይላል። ምልክቱ ምንድነው? ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል። አንድ ሊትር የሚያስኬደው ኪሎ ሜትር ያጥራል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ምን ይላል? «ካርቡራቶሩ ቤንዚን እያፈሰሰ ነው!» ይላል። ከዚያ ይፈታል።

ስለዚህ አንደኛ ፊልትሮ። አሁንም ልድገመው፤ አንደኛ ፊልትሮ! በበጋ በጥርጊያ መንገድ የሚሄድ ሰው በየሳምንቱ ከፍቶ ይየው። ከተማ ውስጥ በአስፋልትና በኮብልስቶን ብቻ የሚሄድ በየወሩ ቢያየው ይበቃዋል። ፊልትሮ ሁለት ዓይነት ነው። ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ እጠቡት፤ ቀጥላችሁ በሳሙናና በሞቀ ውሃ። በቤንዚን አትጠቡት፤ ስፖንጁን ይበላዋል፣ እሳትም አለው። ስትጨምቁት በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት እንጂ እንደ ልብስ አትጠምዝዙት፤ ይቀደዳል። ጥላ ላይ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ንጹሕ የሞተር ዘይት ነካ አድርጋችሁ፣ ዘይቱ ሁሉም ጋ እስኪዳረስ እሹትና ትርፉን ጨምቃችሁ አውጡ። ያለ ዘይት የገባ ስፖንጅ አቧራውን ያሳልፈዋል። አቧራውም ወርዶ ሲሊንደሩንና ፋሻውን፣ ማለትም የፒስቶኑን ቀለበት፣ ይሞርደዋል። ወረቀት ከሆነ ግን ውሃም ዘይትም አይነካውም። ቀስ አድርጋችሁ አራግፉት፤ በኮምፕሬሰር ከሆነም ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከነፋችሁት አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ሲጠቁር ወይም ዘይት ሲነካው ይቀየር።

የፊልትሮው ቤት ክዳን ላስቲክም ይታይ። ከተሰነጠቀ አየሩ በጎን ይገባል፤ ፊልትሮ የለም ማለት ነው። ፊልትሮውን አውልቆ ጥሎ «አሁን ተነፈሰ» የሚልም ሰው አለ። እንዲህ የሚነዳ ሰው ከዓመት በፊት ሰማያዊ ጭስ ያያል፤ ፋሻው አልቆ ዘይት እየነደደ ነው።

ሁለተኛ ቤንዚን። ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን የማይገዛ ሰው አለ? አልፈርድባችሁም። ግን ፈትሹት። ከሃይላንዱ ትንሽ በጠራ ብርጭቆ ቅዱና አሥር ደቂቃ አቆዩት። ውሃ ካለበት ከሥር ይቀመጣል፤ መስመሩ ለዓይን ይታያል። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ከተቀላቀለበት ቅባት የመሰለ እድፍ ይተዋል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን ጠዋት ጠዋት አላስነሣም ያሰኘዋል፤ አቀበት ላይ ሲጫን ደግሞ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ያ ድምፅ ፒስቶኑን የሚመታው ነው፤ ዝም አትበሉት።

ክረምት ሲመጣ ውሃ በራሱ ጊዜ ታንከር ውስጥ ይገባል። በክዳኑ ላስቲክ ይገባል፤ ታንከሩ ጎደሎ ሲያድር ደግሞ ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ታንከሩን ከግማሽ በላይ አድርጋችሁ አሳድሩ። ካርቡራቶሩ ሥር፣ ቤንዚኑ የሚጠራቀምበት ቋት ታች ላይ ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን አለች። ቤንዚኑን ዝጉና እሷን ብቻ አላልታችሁ በብርጭቆ ተቀበሉ። ብርጭቆው ሥር የሚንከባለል ጠብታ ካያችሁ ውሃ ነው። ይኸው ነው ሥራው! ካርቡራቶር አልወረደም፣ ምንም አልተፈታም። ሞተሩ ግን ይነሣል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ብዙ ሰው ስለሚጎዳበት ነው። የታንከር ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር ይገባል። ዝናብ እንዳይገባ ብለው ከክዳኑ ሥር ፌስታል የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ፌስታሉ ቀዳዳዋን ይደፍናታል። ከዚያ ምን ይሆናል? ሞተሩ ደህና ይነሣል፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይሄዳል፣ ከዚያ ትንፋሽ ያጥረውና ቀጥ ይላል። ባለቤቱ ቆሞ ካርቡራቶር ያንኳኳል። ክዳኑን ብትከፍቱት ግን «ፉስስ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ሞተሩም ይነሣል። ከደንቢያ የመጣ ቦክሰር ሞተር ለዚህች ፌስታል ሲባል ካርቡራቶሩ ሦስት ጊዜ ተፈትቷል። በሦስተኛው ጅግለሩ፣ ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍባት ትንሿ ነሐስ፣ በሽቦ ተወግቶ ቀዳዳው ሰፍቶ ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያልነበረበትን በሽታ ይዞ ሄደ።

ማታ ስታቆሙም የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ። ለምን መሰላችሁ? ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው መርፌ ቆሻሻ ከያዛት አትዘጋም፤ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሙሉ በሲሊንደሩ አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ጠዋት የዘይቱ ልክ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት፣ መለኪያውን ስታሸቱትም ቤንዚን ከሸተታችሁ፣ ሞተሩን እንዳታስነሡት። ዘይቱ ይቀየር። ቤንዚን የገባበት ዘይት ማለስለሱ ይቀርና ኩሽኔታውን ያስበላል። መዝጊያውን ሪዘርቭ ላይ ትቶ የሚነዳውም አለ፤ ያ ሰው ቤንዚን ያለቀበት ቀን መጠባበቂያ እንደሌለው የሚያውቀው ወገራ መሃል ነው።

ሦስተኛ ካንዴላ። ካንዴላ የሚወጣው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ከፈታችሁት ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን ያለውን አቧራ ንፉት፤ አለዚያ ሲሊንደር ውስጥ ይወርዳል። ካወጣችሁ በኋላ ቀለሙን አንብቡ። ማኪያቶ የሚመስል ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ወደ ፊልትሮው ተመለሱ። በብርድ ለማስነሣት የሚሳበው ቾክ ሳይመለስ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሆኖ በዘይት የረጠበ ከሆነ ዘይት እየወጣ ነው፤ ፋሻ ወይም የቫልቭ ላስቲክ። ነጭ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ አየር በዝቶበት እየጋለ ነው፤ ይህ ነው የሚያስፈራው።

የካንዴላው ጫፍ ክፍተት ለአብዛኛው ሞተር ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። በክፍተት መለኪያ ለኩ፤ በዓይን አይለካም። ስትመልሱት በጣታችሁ እስኪቆም ጠምዝዙት። በጣት አልሄድ ካለ ጥርሱን ስቷልና በቁልፍ አታስገድዱት። አዲስ ካንዴላ ከሆነ በጣት ከቆመ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ አሮጌ ከሆነ አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ ይበቃዋል።

አሁን መተማ ድረስ ለምትወርዱት አንድ ቃል። ከዚህ ተነሥታችሁ በአይከል አድርጋችሁ ገንዳ ውሃ፣ መተማ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። እዚህ ጎንደር ላይ «ቤንዚን ይቆጥብልህ» ተብሎ ጅግለሩ ከፋብሪካው ባነሰ የተቀየረበት ሞተር እዚያ ሲደርስ ቤንዚን ያጥረዋል። ድብልቁ ይሳሳል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ ፒስቶኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል። ቤንዚን ቆጥቦ ፒስቶን መግዛት ይሉታል ይኼን! የፋብሪካውን ጅግለር አትቀይሩ። የተዘጋ ጅግለር ደግሞ በነጭ ጋዝ ተነክሮ በኮምፕሬሰር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይወጋም። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦ ያሰፋዋል። እናንተ ወጣት መካኒኮች፣ ይህችን በተለይ ለእናንተ ነው የምላችሁ።

አራተኛው ከሞተሩ በኋላ ያለው ነው። ሞተሩ ጥሩ እየሠራ ጉልበቱ መንገድ ላይ የሚጠፋበት ቦታ አለ። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁሙትና ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ የኋላውን ጎማ በእጅ አሽከርክሩት። ዞሮ ዞሮ በቀስታ መቆም አለበት። ወዲያው የሚቆም ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ወይም ሰንሰለቱ ተወጥሯል። እስቲ ይህን አስቡት፦ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይዛችሁ እየነዳችሁ ካርቡራቶር ታስፈታላችሁ!

ሌላው ፍሪሲዮን፣ የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው፣ ነው። አቀበት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም? ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው። መጀመሪያ ማንሻውን እዩ፤ ሥሩ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ልል ከሌለው ገመዱ ወጥሮ ይዞታል፤ አላሉት። ልሉ ካለ ዘይቱን ጠይቁ። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚሠራው ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ግጭትን የሚቀንስ ቅመም አለው፤ ለመኪናው ጥሩ ነው፣ የእኛን ፍሪሲዮን ግን ያንሸራትታል። ዘይት ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል መኖሩን አረጋግጡ። «ኤምቢ» የሚለው ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለማይሠራ ስኩተር ነው። ለእኛ አገር ቦክሰርና መሰሎቹ 20ደብሊው50 ደህና ነው፤ መጠኑ ከ1 ሊትር ብዙም አይርቅም፣ መመሪያውን እዩ። ከ2000 እስከ 3000 ኪሎ ሜትር ባለው ቀይሩት። አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሬ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ይሁን፤ የመጀመሪያው ዘይት የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚወጣው። ስትቀይሩ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ይሁን። የማፍሰሻውን ብሎን ቀለበት አትርሱ። ጨረስን ብላችሁ ከመስመሩ በላይ አትሙሉት፤ የበዛ ዘይት በመተንፈሻው ወደ ፊልትሮው ይወጣና ፊልትሮውን ያበላሻል።

ያማሃ ዲቲ ወይም ኤጂ 100 ያላችሁ፣ የእናንተ ለብቻው ነው። ቱ ስትሮክ ነው፤ ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይት የራሱ ታንከር አለው። ያ ታንከር ባዶ ሆኖ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር አቀበት መንዳት ፒስቶን ያስነክሳል። ማርሚታቸው ደግሞ በካርቦን ይደፈናል፤ ጉልበት ሲያጡ እሱም ይታይ።

ቫልቭን በአንድ ነገር ልለፈው። «ቫልቩ ይጮኻል፣ ዝም አሰኝልኝ» ብላችሁ መካኒክ አታስጨንቁ። ክፍተት የሌለው ቫልቭ ድምፅ የለውም፤ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። ትንሽ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ቫልቭ ዝም ካለ ቫልቭ ይሻላል። ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ በመመሪያው ቁጥር ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ፣ ፊልትሮ ንጹሕ፣ ቤንዚን ንጹሕ፣ ካንዴላ ጥሩ፣ ጎማ በነጻ እየዞረ፣ ፍሪሲዮን ይዞ፣ ሞተሩ አሁንም ጉልበት ካነሰው፣ አዎ፣ ያኔ ካርቡራቶሩን ፍቱት። ያኔ ግን ምን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ።

ወደ ሁለተኛው። ሰንሰለት ከመወጠር ይልቅ ልል መሆን ይሻለዋል፤ ብዙ ሰው ግን ወጥሮ ነው የሚነዳው። ሰው ሲቀመጥበትና ጉድጓድ ሲገባ የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰንሰለቱም በዚያው ይወጠራል። ቀድሞ የተወጠረ ከሆነ የማርሹን ቤት ዘንግ ኩሽኔታ ይስበዋል። በታችኛው መስመር መሃል ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይጫወት። እንደ ዲቲ ከፍ ያሉት ከዚህም በላይ ይፈልጋሉ። ግን አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ! ጎማውን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ በተለያየ ቦታ ለኩ፤ ሰንሰለት እኩል አያልቅም፣ አንዱ ጋ ይወጠራል፣ ሌላው ጋ ይላላል። የምታስተካክሉት በተወጠረው ቦታ ነው።

ስታስተካክሉ ግራና ቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ቁጥር ላይ ይቁሙ፤ ካልሆነ ጎማው ይጣመማል። የመሃል ዳዶው ይጥበቅ፤ ኮፒሊያ፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ፣ ካለው ይግባ፣ ጫፉም ይታጠፍ። የሰንሰለቱ መቆለፊያ ቅንጥብ የተዘጋው ጫፉ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት ያይ፤ ተገልብጦ ከገባ ድንጋይ ነክቶት ይወጣል። የኋላው ኮሮና፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ፣ ጥርሱ ወደ አንድ ወገን እንደ መንጠቆ ከተቆለመመ ሰንሰለቱን ብቻ ቀይሮ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው፤ ፊተኛው ፒኞን፣ ኮሮናውና ሰንሰለቱ አብረው ይቀየሩ። ማጽጃው ነጭ ጋዝ ነው፤ ማለስለሻው 90 ዘይት፣ ከጉዞ በኋላ ሰንሰለቱ ሞቅ እያለ፣ ከውስጥ በኩል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፤ አሸዋ ይሰበስባል። ሰንሰለት በቃ።

ሦስተኛው ቁልቁለት ነው። ከደባርቅ ሊማሊሞን የወረደ፣ ወይም ከጎሃ ወደ ፒያሳ በየቀኑ የሚወርድ ሰው እዚህ አለ። አንድ ልማድ አለን፤ ቁልቁለት ሲመጣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ሞተሩንም አጥፍቶ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ መንከባለል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! የዳነው ቤንዚን የጠርሙስ ክዳን ያህል ነው። ሞተሩ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ራሱ ይጎትታችኋል፣ ፍጥነቱን ይይዛል። ዜሮ ስታደርጉት ግን ክብደቱን በሙሉ ፍሬኑ ብቻውን ይሸከማል። የከበሮ ፍሬን ሸራ ሲግል መያዝ ይተዋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ጥምዝ በኋላ እግራችሁ ይረግጣል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። ዲስክ ከሆነ ደግሞ አሮጌ የፍሬን ዘይት ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላና ማንሻው እስከ መያዣው ድረስ ባዶውን ይመጣል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 መሆኑ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ለቁልቁለቱ ሕጉ ቀላል ነው፦ ስትወጡት የተጠቀማችሁበትን ማርሽ ስትወርዱትም ተጠቀሙ። ፍሬኑን ረግጣችሁ አትቆዩ፤ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉት።

ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይፈራል። «ይገለብጣል» ይላል። ልብ በሉ፣ ስትቆሙ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ ስለዚህ አብዛኛውን የሚያቆማችሁ የፊቱ ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። የሚገለብጠው በድንገት መጨበጥ ነው። በሁለት ጣት ጀምራችሁ እየጠነከራችሁ ጨብጡ፤ ከኋላው ጋር አብራችሁ፤ መሪው ቀጥ ብሎ እያለ። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ በ60 ወደ 17 ሜትር። ይህ ገና ፍሬን ሳትይዙ፣ ሰውየው መንገዱ ውስጥ ገብቶ እያያችሁት ነው።

የክረምት ኮብልስቶን ለብቻው ይነገር። ድንጋዩ በጎማና በእግር ለስልሷል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የበጋው አቧራና ዘይት ድንጋዩ ላይ ጭቃ ይሆናል፤ ያ ሰዓት ከከባድ ዝናብ ይብሳል። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሱ፣ እየታጠፋችሁ አትያዙ። የጉድጓድ ብረት ክዳን ላይ አትጠምዝዙ። ውሃ ውስጥ አልፋችሁ ከወጣችሁ የከበሮ ፍሬኑ ረጥቧልና ለጥቂት ሜትር በስሱ እየረገጣችሁ አድርቁት። ደንቢያ የጥቁር አፈር ጭቃ ውስጥ የምትገቡ፣ በፊቱ ጭቃ መከላከያ፣ በፓራፋንጎው፣ እና በጎማው መካከል ጭቃው ሲጠቀጠቅ ጎማው ይቆለፋል፤ ቆም እያላችሁ በእንጨት አውጡ።

ጎማን በአጭሩ። ለብቻ ለሚነዳ የፊቱ 25፣ የኋላው ከ28 እስከ 32 ፒኤስአይ፣ በአየር መለኪያው ቁጥር፤ ሰው ስትጭኑ የኋላውን እስከ 36 ከፍ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሞተር ትክክለኛው ቁጥር የሰንሰለት ክዳኑ ወይም ሹካው ላይ ተለጥፏል። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው። መተማ መንገድ ላይ ጎማው ግሎ ሲጠነክር አየር አታስወጡ፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። የካላማዳሪያው መንፊያ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ዘመም ብሎ ካገኛችሁት አየር አንሶ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ ዛሬ ካላስተካከላችሁት ነገ መንፊያው ከሥሩ ይቆረጣል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ዕድሜው የሄደ ጎማ ሱቅ ውስጥ ሞልቷል፤ ላስቲኩ ደርቋል፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይዝም።

ሴቶቻችንን ስትጭኑ፣ እናቶቻችንን ቤተ ክርስቲያን ስታደርሱ፣ ነጠላውን እዩ። ጋቢም እንደዚያው። ጫፉ ሰንሰለት ወይም የጎማ ራጂ፣ የቸርኬው ሽቦ፣ ውስጥ ከገባ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ሳትነሡ ዞር ብላችሁ «እማማ፣ ነጠላዎን ወደ ፊት ያድርጉት፣ ይቀመጡበት» በሉ። በጎን ሳይሆን እግር ከፍተው ይቀመጡ፤ ሁለቱም እግር መርገጫው ላይ ይሁን። ለተሳፋሪም ሄልሜት ይኑር። ማሰሪያው አገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ታስሮ ሳለ ከኋላ ወደ ፊት ስትገፉት የሚወልቅ ከሆነ ልኩ አይደለም። አንዴ ክፉኛ የተመታ ሄልሜት ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ደቋል፤ አይለበስ።

ጥያቄዎቻችሁን ውጭ፣ ሞተሮቹ አጠገብ እንመልሳለን። ነጭ ጋዝ፣ ሳሙናና ባልዲ ተዘጋጅቷል፤ ስፖንጅ ፊልትሮ ያላችሁ በቀኝ በኩል ተሰለፉ። ካንዴላ ማየት የምትፈልጉ ደግሞ በግራ በኩል። ከሩቅ የመጣችሁና ሞተራችሁ ገና ትኩስ የሆነ ግን ጥቂት ጠብቁ፤ ከቀዘቀዙት እንጀምራለን።